ከጠረጴዛው ማዶ

ሰው እባብ ይፈራል፣ ጨለማ ይፈራል፣ አማቱን ይፈራል። እኔ የምፈራው በገዛ እጄ የሠራሁትን ጠረጴዛ ነው። ብትስቁም ግድ የለኝም፤ በሌላ ሰው ደርሶ ብሰማው እኔም እስቅ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት እንጨት ስቆርጥ፣ ስልግና ስገጥም የኖርኩ ሰውዬ፣ ሰፈሩ አንዲት ሚሊ ሜትር አትስትም ብሎ «ሚሊ» የሚል ስም ያወጣልኝ ሰውዬ፣ ጠዋት የወርክሾፔን በር ከፍቼ ከዚያ ጠረጴዛ ጋር መተያየት አቅቶኝ ነበር።

ጠረጴዛው ራሱ ምንም አያደርግም። ጣጣው ከሥሩ ነው። ከሥሩ ራውተር ተዘቅዝቆ ታስሯል። የኢንተርኔቱን ሳጥን ማለቴ አይደለም፣ የጣውላ ጠርዝ የሚቀርጸውን፣ የበርና የቁም ሳጥን ጌጥ የሚያወጣውን ማሽን ነው። ስለቱ በጠረጴዛው መሐል በተበሳው ቀዳዳ ወደ ላይ ብቅ ይላል። ከስለቱ በስተጀርባ ቀጥ ያለ መደገፊያ አለ፤ ሠራተኛው ከፊት ለፊት ቆሞ ጣውላውን መደገፊያው ላይ አስጠግቶ ይገፋል። ትንሹ ራውተር ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ይሄኛው ትልቁ ነው፤ ሲነሳ የቤቱ አምፖል ደብዘዝ ብሎ ይመለሳል። የገዛሁት ቀን ልጅ የተወለደልኝ ያህል ነበር ደስታዬ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ያለዚያ ወሬው አይገባችሁም። ራውተር በእጅ ተይዞ ሲሠራበት የሚገፋው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ተዘቅዝቆ ጠረጴዛ ሥር ሲታሰር ግን አዟዟሩ ስለሚገለበጥ እንጨቱ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ስለቱን እየተጋፈጠ መሄድ አለበት። በተሳሳተው በኩል ከገባ ስለቱ ይነጥቀዋል። መንጠቅ ስላችሁ መንጠቅ ነው። እንጨቱ ይወነጨፋል፣ ሲገፋው የነበረው እጅ ደግሞ የሚገፋው ነገር ያጣና ቀጥታ ወደ ስለቱ ይሄዳል።

ይሄን እኔ አሳምሬ አውቃለሁ። እጄ የሚያውቀው ግን የለመደውን ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ብቻዬን እየሠራሁ፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዶ፣ እጄ ዕድሜውን ሙሉ የለመደውን አደረገ። ጣውላው ከእጄ ጠፋ። ሲሄድ አላየሁትም፤ ግድግዳውን ሲፈነክት ነው የሰማሁት። እጄ ስለቱ ጋ ሊደርስ ሲል እንደምንም ሰበሰብኩት። የስለቱ ነፋስ ጣቴን ነክቶታል። ሚሊ ነኝና በስንት ሳተህ ብትሉኝ እነግራችኋለሁ፤ በአራት ሚሊ ሜትር።

ባለቤቴ ጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር። ሮጣ መጥታ ምን ሆነህ ነው ስትለኝ፣ ተናድጄ ጣውላ ወርውሬ ነው አልኳት። አመነችኝ። ንዴቴን ሰፈሩ ያውቀዋል፤ አንዴ በዋጋ የተከራከረኝን ደንበኛ ከነወንበሩ ከበር አስወጥቻለሁ። ክፉ ጠባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። አንተ ሰውዬ አንድ ቀን ይሄን ቤት ላያችን ላይ ታፈርሰዋለህ ብላ ሳቀችብኝና ወደ ልብሷ ተመለሰች።

ከዚያን ቀን በኋላ ማሽኑን ማስነሳት አልቻልኩም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እኔ የጎረቤት ጁስ መፍጫ ሲነሳ እጄን ኪሴ ውስጥ የምከት ሰው ሆኜ አረፍኩት። ማብሪያውን እነካና እጄን መልሼ፣ መጥረጊያ አንስቼ ወለል እጠርጋለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ? አናጢ እንጨት መቁረጫ ፈራ ይባላል? አሣ አጥማጅ ውኃ ፈራ ከማለት አይተናነስም። ስለዚህ ሰበብ መደርደር ጀመርኩ። ስለቱ ደንዟል፣ መብራቱ ኃይል የለውም፣ ጣውላው አልደረቀም። የውሸቴን ብዛት ሳስበው አሁን ራሱ ፊቴ ይቀላል።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ለቤተ መጻሕፍቱ አሥራ ሁለት የቁም ሳጥን በር ያዘዘኝ በዚህ መሐል ነው። የእያንዳንዱ በር መሐለኛ ሳንቃ ዙሪያውን ሳስቶ ጌጥ ሊወጣለት ይገባል፤ በጠረጴዛው ሁለት ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው። እኔ በእጅ መላጊያና በመሮ ተያያዝኩት። በየሳምንቱ ሁለት ሁለት በር አወጣሁ። የእጅ ሥራ ነፍስ አለው እያልኩ ለባለቤቴ ሰበክሁላት። ነፍሱ ይቅርብህና በሮቹን አድርስለት አለችኝ።

ባለቤቴን ካላወቃችኋት የነገሩ ክብደት አይታያችሁም። ማለስለሱና ቫርኒሹ ከተጋባን ጀምሮ የእሷ ሥራ ነው። በቀኝ እጇ በብርጭቆ ወረቀት ታሻለች፣ በግራ እጇ ጣቶች ትፈትሻለች፤ ስትፈትሽ ዓይኗን ትጨፍናለች። እኔ በመነጽር ፈልጌ ያጣሁትን ሻካራ እሷ በሁለት ጣቷ ታገኘዋለች። ሰው ሥራዬን የሚያደንቀው በር ሲነካ ነው፤ የሚነካው ደግሞ የእሷን ልፋት ነው። ልጆቻችን ራሳቸውን ችለው ከወጡ ወዲህ በቤቱ ያለነው እኔና እሷ፣ የምንኖረውም በእነዚያ ጣቶች ነበር።

አንድ ጠዋት መሮዬን ከእጄ ተቀበለችኝ። ዓይንህ ደክሟል፣ ልትነግረኝም አፍረሃል አለችኝ። ሰው ሲያዝንልህ ደግሞ አይ ማለት ይከብዳል፤ አዎ ደክሟል አልኳት። እንግዲያው ማሽኑን አስተምረኝ፣ አንተ ግጠም፣ እኔ እገፋለሁ አለች። አይሆንም እንዳልላት ለምን ልትለኝ ነው። ለምን ካለች ደግሞ የስምንት ወሩ ጉድ ሊዘከዘክ ነው። እሺ አልኳት። ዛሬም ድረስ ሌሊት የሚያባንነኝ ያ እሺ ነው።

ማስተማሩን አሳምሬ አስተማርኩ፣ መቼም ሚሊ ነኝ። ለሰፊ ስለት የማሽኑ ፍጥነት መቀነስ እንዳለበት፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ሳይሆን በሦስት ዙር በትንሽ በትንሹ መቅረጽ እንዳለባት፣ ጸጉሯን እንድታስር፣ ጓንት እንዳታደርግ፣ የጆሮ መከላከያውን እንዳትረሳ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ማሽኑ ከሶኬቱ ተነቅሎ ነበር። ተነቅሎም ግን ከስለቱ አጠገብ መቆም አልቻልኩም። እሷ በሠራተኛው ቦታ ቆመች፣ እኔ ዞሬ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከመደገፊያው ጀርባ ቆምኩ። ከዚያ በኩል ስለቱ አይታይም። እጄን ከመደገፊያው በላይ አሻግሬ በአየር ላይ ከቀኜ ወደ ግራዬ ወሰድኩና፣ እንጨቱ ከዚህ ወደዚህ ይሄዳል አልኳት።

«ከዚህ ወደዚህ?» አለችኝ፣ ባዶ እጇን እየገፋች።

አዎ አልኳት። እጇን አላየሁም። የማየው የማብሪያውን ሽቦ ነበር፣ ሶኬቱ ውስጥ አለመግባቱን። እንዲያውም ጨመርኩላት፤ ማሽኑ ጉልበተኛ ስለሆነ መጀመሪያ ይታገልሻል፣ አትፍሪ፣ ጠበቅ አድርገሽ ያዢው አልኳት። አትፍሪ የምለው እኔ ነኝ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

ማሽኑ ሲነሳ እዚያ መገኘት አልፈለግኩም። ማጠፊያና ቁልፍ ልግዛ ብዬ ጃኬቴን አነሳሁ። መጀመሪያ ወጥ ቤቱን አስተካክላ እንደምትጀምር ነገረችኝ። ቁርጥራጭ ላይ ተለማመጂ ብያት እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ዕቃ መሸጫው በእግር የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ባለሱቁን ከዱሮም አውቀዋለሁ፤ ነገር ካላጣራ ምስማር የማይሸጥ ነዝናዛ ነው። የቁም ሳጥን ቁልፍ ፈለግኩ አልኩት። የቀኝ ነው የግራ አለኝ። የቀኝ አልኩት። አንዱን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ በእኔና በእሱ መሐል አቆመው።

«ከየት በኩል ቆመህ?» አለኝ። «ለኔ ቀኝ የሆነው ላንተ እኮ ግራ ነው።»

መጀመሪያ በነገረኛነቱ ተናደድኩ። ልመልስለት አፌን ስከፍት ግን፣ ማዶ ቆሜ እጄን ሳወናጭፍ ታየኝ። የእሷ ባዶ እጅ ከግራዋ ወደ ቀኟ፣ ስለቱ በሚነጥቅበት በኩል ስትሄድ ታየችኝ፤ ያኔ ያላየኋት እጅ አሁን ባንኮኒው ላይ ጥርት ብላ ታየችኝ። ጠበቅ አድርገሽ ያዢው ያልኳትም ትዝ አለኝ። ባለሱቁ ውኃ ልስጥህ ሲል ሰማሁት፣ እኔ ግን በሩ ላይ ነበርኩ።

ስልክ ደወልኩ። ይጠራል፣ አታነሳም። እየሮጥኩ ደግሜ ደወልኩ፣ ከዚያ ደነገጥኩና ራሴው ዘጋሁት፤ ስልኩን ልታይ ዘወር ብትልስ? ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ጉልበቴ ከበሽታ ጋር ከተጋባ ቆይቷል፣ ግን ሮጥኩ። ወጥ ቤቷን ገና እየጠረገች ነው እላለሁ። ወጥ ቤት ለመጥረግ ስንት ደቂቃ ይፈጃል እላለሁ። ሳህኖቹን ልቆጥር እሞክራለሁ፣ ጠዋት ስንት ሳህን እንዳቆሸሽን ይጠፋብኛል። ትዝ የሚለኝ ልመናዬ ነው፤ አምላኬ፣ ዛሬን ብቻ ሰነፍ አድርጋት፣ ዛሬን ብቻ ከጎረቤት ጋር ወሬ ትያዝልኝ።

መታጠፊያው ላይ ስደርስ ድምፁ ተሰማኝ። ማሽኑ ተነስቷል። እንጨት ሳይነካ ሲዞር ቀጭን ድምፅ አለው፣ እንጨት ሲነካ ይወፍራል። ወፈረ፣ ሳሳ፣ ወፈረ። እስከወፈረ ድረስ እጇ ደህና ነው እያልኩ ሮጥኩ። የግቢው በር ላይ እጄን ሳሳርፍ ድው የሚል ድምፅ መጣ፣ ያን የማውቀውን ድምፅ። ከዚያ በኋላ ድምፁ እንደገና ቀጠነና እንደዚያው ቀረ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ወለሉ ላይ፣ ሰጋቱራው ውስጥ ተቀምጣ ነበር፣ ግራ እጇን በሽርጧ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛ። አልጮኸችም፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ማሽኑ በእኔና በእሷ መሐል ይዞራል፤ ማብሪያው ጠረጴዛው እግር ላይ ነው፣ ከእኔ በሁለት እርምጃ።

«አጥፋው» አለችኝ።

አልቻልኩም። ይሄን የምላችሁ እንድትራሩልኝ ብዬ አይደለም። ሚስቴ ደሟ እየፈሰሰ ሁለት እርምጃ መራመድ አልቻልኩም፤ እግሬ ከወለሉ ጋር በኮላ የተጣበቀ መሰለኝ፣ ዓይኔ ስለቱ ላይ ተተከለ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከዚያ ባለቤቴ በጉልበቷ ተነሳች፣ እየተንገዳገደች ጠረጴዛው ጋ ሄዳ በቀኝ እጇ አጠፋችው። ወደ እሷ መሄድ የቻልኩት ስለቱ ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ነው።

የሌባ ጣቷና የመሐል ጣቷ ጫፍ፣ እስከ መጀመሪያው አንጓ፣ ሄዷል። ሐኪሙ የቀረው ይድናል አለ። ተረኛዋ ነርስ እንዴት ደረሰብሽ ብላ ስትጠይቃት ከአልጋው አጠገብ ቆሜ ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር፣ እውነቴን ነው።

«ባለቤቴ በደንብ አሳይቶኝ ነበር» አለች ቀድማኝ። «የተምታታብኝ እኔ ነኝ።»

ይሄን ብላ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አፌን ዘጋሁ። ያን ጊዜ ለእኔ ያዘነች መስሎኝ ነበር።

ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ ጠያቂው በዛ። ጎረቤቱ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ እግዜር ይማርሽ ይላል፣ እንዴት ሆነ ይላል። እሷ ያንኑ ትደግማለች፤ ባሌ አሳይቶኝ ነበር፣ የተምታታብኝ እኔ ነኝ። በተናገረች ቁጥር ታየኛለች። እኔ ብርጭቆ አነሳለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ የማያንኳኳ በር ልከፍት እወጣለሁ። ታናሽ እህቷ ሁለቴ መጣች። ሌላ ጊዜ ስታሾፍብኝ የምትውለው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም፤ ስለደነገጠች ነው ብዬ አለፍኩት። ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ቆዩና፣ እኔ ስገባ ወሬው ተቋረጠ።

ማሽኑን መፍራቴን ረስቼው ነበር። አሁን የምፈራው የገዛ ሚስቴን ጥያቄ ነው። ምግብ አቀርብላታለሁ፣ ጸጉሯን አበጥርላታለሁ፣ ቁስሏ ሲታጠብ እጇን እይዛለሁ፣ ግን ከየት ወደየት ነበር ያልከኝ ብላ የምትጠይቀኝ እየመሰለኝ ብቻችንን ስንሆን ሬዲዮ እከፍታለሁ። አልጠየቀችኝም። አለመጠየቋ ደግሞ ከመጠየቋ ባሰብኝ። ነገ እነግራታለሁ እላለሁ። ነገ ሲመጣ ቁስሉ ይሻላት እላለሁ። የቀሩትን አራት በሮች በእጅ ጨረስኳቸው። ልታለሰልሳቸው ሞከረች፤ በቀኟ አሸች፣ በልማድ ግራዋን ሰደደች፣ ፋሻው እንጨቱን ነካ፣ እጇንም መለሰች። ወጥቼ ጓሮ ውስጥ አለቀስኩ። እንባዬን ጠርጌ ስመለስም አልነገርኳትም።

በሮቹን ሊወስድ ዳይሬክተሩ ራሱ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ጨዋታ መውደዱ ነው። ሁሉም እንደጠየቀው ጠየቃት፣ ሁሉም የሰሙትን መለሰችለት። ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አደረገ፤ ሴትና ማሽን መቼም አይግባቡም፣ ሚሊን የመሰለ አስተማሪ ይዘው እንኳን ቀኝና ግራው ይጠፋቸዋል አለ። እሷ ፈገግ አለች። ፈገግ ብላም አየችኝ።

ደሜ ፈላ። ተሸከም በሮችህን፣ ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትደርስ ብዬ አንባረቅሁበት። ሰውዬው ምን እንዳጠፋ ሳይገባው በሮቹን ጭኖ ሄደ። ከመኪናው ድምፅ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። እሷ ሶፋው ላይ ነበረች፣ የታሰረ እጇን ትራስ ላይ አሳርፋ። እሱ ምን አደረገህ አለችኝ በቀስታ። ዕድሜዬን ሙሉ የጮኽኩት ጩኸት ሁሉ በሌላ ሰው ላይ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። እግሯ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«የተምታታብሽ አንቺ አይደለሽም» አልኳት። «ከማዶ ቆሜ ነው ያሳየሁሽ። የኔ ቀኝ ላንቺ ግራ ነው። አንቺ ያደረግሽው ያልኩሽን ነው። አጠገብሽ ያልቆምኩት ፈርቼ ነው፤ ከስምንት ወር ጀምሮ ፈርቼ ነው፣ ዓይኔም አልደከመም፣ ጣውላውንም ተናድጄ አልወረወርኩትም።»

እንድትሰድበኝ፣ በዚያች ደህና እጇ እንድትመታኝ ጠበቅሁ።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

ከዚያ ቀስ እያለች ነገረችኝ። መፍራቴ የገባት አጥፋው ስትለኝ ቆሜ በቀረሁ ጊዜ ነው። ከየት ቆሜ እንዳስተማርኳት ያስታወሰችው ሐኪሙ ሲሰፋት ነው፤ ጣቷን ላለማየት ጣሪያውን እያየች ትምህርቱን ከመጀመሪያው ስታስበው፣ ፊቴን ከማዶ አየችው። ለነርሷ የተምታታብኝ እኔ ነኝ ያለችው እኔ አይደለም እንድል ነበር። ለጎረቤቱም፣ ለዘመድ አዝማዱም፣ ለዳይሬክተሩም። በተናገረች ቁጥር ቀና ብላ ያየችኝ ለዚያ ነበር። መፍራትህስ ግድ የለም፣ ሰው ይፈራል አለችኝ። ድምጿ አልተቆጣም፣ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። የቀረውን በራሷ ቃል ልንገራችሁ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ቃል አልጠፋኝም።

«አሥራ ሰባት ቀን ጠበቅሁህ» አለችኝ። «እህቴ ክፍል አዘጋጅታልኛለች። እስከ እሑድ ማታ ካልነገረኝ ሰኞ ጠዋት መጥተሽ ውሰጂኝ ብያታለሁ።»

ቀኑ ቅዳሜ ነበር።